ይህ ውሃ ይጠጣል

አንድ አንባቢ ነበረ። አገሩ በዚህ ምድር ላይ አይደለም። ፀሐይዋ እንደ ፍም የቀላች፣ ሁለት ጨረቃ የሚወጣባት፣ ዝናብ የሚባል ነገር ስሙ እንኳ የማይታወቅባት ሌላ ዓለም ነበረች። ሰዎቹ ግን እንደኛው ሰዎች ነበሩ። የጥንት አባቶቻቸውና እናቶቻቸው በከዋክብት መካከል በመርከብ ተጉዘው ወረዱባት። መርከቢቱን አሸዋ ዋጣትና ዝጋ ቀረች፤ ቋንቋቸውና ፊደላቸው ግን አልዛገም። እኔና አንቺ የምንጽፍበት ይኸው ፊደል ነበር፤ ላልቶ የሚነበበውንና ጠብቆ የሚነበበውን የማይለየው ይኸው ፊደል።

ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «ያስተማሩኝ ሰዎች ውሸታሞች መሆናቸውን ከደረስኩበት፣ ያስተማሩኝን ሁሉ ልጣለው ወይ?» ብለሽኛል። መጀመሪያ የአንባቢውን ነገር ስሚ።

በዚያ አገር መካከል አንድ ሐይቅ ነበረ። ዙሪያውን በረጅም ቅጥር ታጥሯል። በሐይቁ ዳር የጥንቶቹ ሰዎች ያቆሙት ድንጋይ አለ፤ በድንጋዩ ላይ «ይህ ውሃ ይጠጣል» የሚል ተቀርጿል። ሌላ ቃል የለውም። በየዓመቱ በዓሉ ሲደርስ ሕዝቡ ከየገደሉ ይሰበሰባል፤ አንባቢው ከድንጋዩ አጠገብ ባለው ከፍታ ላይ ይወጣል፤ ድምፁን ስቦ፣ ጠን አላልቶ ያነባል። ሕዝቡም በግንባሩ ይደፋል። ውሃው ይጠጣል፤ ማለት ውሃው የተጠማ ነው፤ ማለት ካልተሰጠው ከቅጥሩ ወጥቶ ሰውን ይጠጣል።

ስለዚህ ሕዝቡ ለሐይቁ ውሃ ያመጣ ነበር። አትሳቂ። በገደል አፋፍ ላይ ሸማ ዘርግቶ ጤዛ የሚለቅም፣ ማለዳ ሸማውን ጨምቆ ጠብታውን በቅል የሚያጠራቅም ሕዝብ፣ ያንን ቅል ተሸክሞ መጥቶ እስከ አፉ በሞላ ሐይቅ ውስጥ ይደፋ ነበር።

ማስረጃ አልነበረውም እንዳትይ። ማስረጃ ነበረው። ሕዝቡ ቅሉን ደፍቶ ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ከፍ ይላል፤ የረካ መስሎ ዳሩን ይልሳል። ይህን የምታደርገው ትልቋ ጨረቃ ነበረች። ስትወጣ ውሃውን ወደ ራሷ ትስበዋለች፤ ካህናቱም በዓሉን የሚያውጁት የመውጫዋን ሰዓት አስልተው ነበር። ደግሞ ቅሉን ያላመጣ ሰው ወደ ሐይቁ ጥልቅ ይጣላል፤ ይሰምጥና አይወጣም። ሕዝቡም «ጠጣው» ይላል። ዝናብ በሌለበት አገር ዋና የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል?

ካህናቱ በቅጥሩ ውስጥ ይኖራሉ። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ አያውቅም። ሕዝቡ ይህን ጸጋ ይለው ነበር።

አንባቢውን ከእናቱ ቤት የወሰዱት ገና በሕፃንነቱ፣ ለድምፁ ሲሉ ነው። ሕፃን ልጅ ውሃ ሲባል የሚመጣለት መጠጣት ነውና፣ ምላሱ ጠን ታጠብቅበት ነበር። መምህሩ «አላላው!» ይለዋል፤ ከቃሉ እኩል አርጩሜው ያርፋል። «አላላው አልኩህ! ቅዱስ ቃል እንደ ገበያ ወሬ አይነበብም!» ውሎ አድሮ ምላሱ ተገራች። ሲያድግ ከሕዝቡ ሁሉ ይልቅ የሚያምነው እሱ ሆነ። በበዓል ቀን ሲያነብ የገዛ ድምፁ ያስፈራው ነበር።

አንድ ዓመት ጤዛው ቀረ። ሸማው ማለዳ ማለዳ እንደ ተዘረጋ ደርቆ ይገኝ ጀመር። ካህናቱ ግን «ውሃው ከምንጊዜውም ይልቅ ተጠምቷል፤ ማንም ቅሉን እንዳያጎድል» ብለው አስነገሩ።

አንባቢው እማዋይሽ የምትባል ታላቅ እህት ነበረችው። ቅሏን ሞልታ ለበዓሉ አስቀምጣ ነበር። ጎረቤቷ ደግሞ አራስ ነበረች፤ ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ አቅቶት ያቃስታል። እማዋይሽ ድምፁን ሰማች፣ ሰማች፣ በመጨረሻ ተነሥታ ሄዳ የቅሉን ውሃ አራሷን አጠጣቻት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቅጥሩ ደረሰ። ያዟትና በቅጥሩ በር አጠገብ ባለች የድንጋይ ክፍል ዘጉባት። በበዓሉ ማለዳ ወደ ሐይቁ ልትጣል ተፈረደባት። አወራወሩ ደግሞ ሥርዓት አለው፤ አንባቢው ድንጋዩን አንብቦ ሲጨርስ ነው የሚገፉት። የወንድሟ ቃል ሲያልቅ እሷም ታልቃለች ማለት ነው።

በዋዜማው ቀትር ሊያያት መጣ። እግሯን ዘርግታ ግድግዳውን ተደግፋ አገኛት።

«መጣህ፣ አንተ ጉደኛ?» አለችው። «ልታነብብኝ ነው ወይስ ልታለቅስልኝ?»

«እትዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ምን አደረግሁ? ልጁ ዓይኔ እያየ ሲደርቅ ቅል ታቅፌ ልቀመጥልህ? ያ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ልጁ አንድ ጉንጭ ነው የጎደለው።»

«እንዲህ አትበይ። ይሰማሻል።»

«ማን? ውሃው? ጆሮም አበቀለ?»

አንባቢው ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። እማዋይሽ ለቅሶ አትወድም። ከጉያዋ አንድ ኮምጣጣ ፍሬ አወጣች። ከየመንገዱ ዳር የሚለቀም፣ ድኻም ሀብታምም የሚበላው ፍሬ ነው። በዛፉ ሥር የጥንቶቹ ሰዎች ያቆሙት ትንሽ ድንጋይ አለ፤ «ይህ ፍሬ ይበላል» ይላል። ያንን ድንጋይ የሚሳለመው የለም፤ መንገደኛ ይቀመጥበታል።

«ይልቅ ብላ» አለችው። «ከስተሃል። ምን እየቀለቡህ ነው?»

«በዚህ ሰዓት እንዴት እበላለሁ?»

«እሺ አትብላ። አንብብልኝ። የፍሬውን ድንጋይ እንደ ውሃው ድንጋይ አድርገህ፣ በዚያ በምታስፈራበት ድምፅህ። አንተ ታነባለህ፣ እኔ እደፋለሁ።»

«እትዬ፣ ተይኝ።»

«ነገ ልሞት ነው፤ አንድ ነገር ብለምንህ ትከለክለኛለህ?»

ልቧን ላለመስበር ብሎ እንባውን ጠረገ፣ ተነሥቶ ቆመ፣ ድምፁን እንደ በዓሉ ሳበ፤ በን አላልቶ «ይህ ፍሬ ይበላል» አለ።

«ወይኔ በላኝ!» ብላ ፍሬውን ከእጇ ወረወረች። «ያዙልኝ! ጣቴን ያዘኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ልጆች ሳሉ ይስቁት የነበረውን ሳቅ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ የአንባቢው ሳቅ አፉ ላይ እንዳለ ደረቀ። ፍሬውን ከወደቀበት አንሥቶ ያገላብጠው ጀመር።

«ምነው?» አለች።

«እትዬ፣ የጥንቶቹ ሰዎች ከሰማይ ሲወርዱ ለአገሩ እንግዳ ነበሩ።»

«እሱማ ነበሩ።»

«የትኛው እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚገድል አያውቁም። ስለዚህ ይቀምሳሉ። ቀምሰው የዳኑበት ላይ ድንጋይ ያቆማሉ፤ ከኋላቸው የሚመጡት እንዳይራቡ። ያው እጅ ነው የጠረበው። ያው ፊደል፣ ያው አባባል ነው።»

እማዋይሽ ወንድሟን አየችው፤ ቀጥላ የሐይቁን ቅጥር አየችው። «ሐይቁንም ቀምሰውት ነበር በለኛ» አለች በዝግታ።

አንባቢው ፍሬውን ይዞ ወጣ። ቀጥ ብሎ ወደ ካህናቱ አለቃ ሄደ። አለቃው «የውሃው አባት» ይባላል። ድምፀ ለስላሳ፣ ወዙ ፊቱ ላይ የሚያበራ ሰው ነበር።

«አባታችን» አለ አንባቢው፤ «ጠ ትጠብቃለች።»

የውሃው አባት አልተቆጣም። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ደረስክባት?» አለ። «እኔ ካንተ በዕድሜ አንሼ ነው የደረስኩባት። ድምፅህ ጥሩ ነው፣ ጭንቅላትህ ግን ቀርፋፋ ነው።» ከመጋረጃው ኋላ ገንቦ አወጣና በዋንጫ ቀዳለት። «ጠጣ።»

አንባቢው ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው የጤዛ ውሃ ሸማ ሸማ የሚል ነበር። ይህኛው ቀዝቃዛ ነው፤ ድንጋይ ድንጋይ ይሸታል። እጁ እየፈራ አፉ ጠጣው። ዋንጫውን አስቀምጦ መሞቱን ጠበቀ። አልሞተም። እንዲያውም ጉሮሮው ተከፈተ።

«ታዲያ ለምን?» አለ።

«ሁሉም የሚጠጣው ውሃ፣ ውሃ ብቻ ነው» አለው የውሃው አባት። «የሚፈራ ውሃ ግን መንግሥት ነው። ለማንኛውም አንተ ከእንግዲህ የውስጥ ሰው ነህ፤ እዚህ እየመጣህ ትጠጣለህ። እህትህንም እለቅልሃለሁ።»

«ይለቋታል?»

«ነገ ጧት። ነገር ግን ለውሃው ሰው ተነግሮለታል፤ ባዶ እጃችንን አንቀርብም። ቅሉን የጠጣችው ያቺ አራስ አይደለች? እሷ ትገባለች። አንተ እንደ ወትሮህ አላላው።»

አንባቢው ዝም አለ። የውሃው አባት ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረው። ብዙ ሰው በዚያች ዋንጫ አጠጥቶ ያውቃል፤ የጠጣ ሰው ሲናገር ሰምቶ አያውቅም።

በበዓሉ ማለዳ ትልቋ ጨረቃ ከፀሐይዋ ጋር አብራ ልትወጣ ሰማዩ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሐይቁ ዝቅ ብሏል። ሕዝቡ ግማሽ የጎደለ ቅሉን ይዞ፣ ከንፈሩ ደም እያዘለ ቆሟል። አራሷን በሐይቁ ዳር አቁመዋታል። ልጇን ከእቅፏ ነጥቀው ለእማዋይሽ አስታቅፈዋታል። እማዋይሽ የተፈታችበትን ምክንያት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ወደ ከፍታው የሚወጣውን ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ሌላ ጊዜ በቀልድ የምትሸፍነው ፊቷ ምንም አልሸፈነም። በዚህ ዓይነት ልታስተርፈኝ ነው? ይላል ፊቷ።

አንባቢው ከፍታው ላይ ቆመ። እንደ ወትሮው ድምፁን ስቦ ጀመረ። «ይህ ውሃ...» አለ። ሕዝቡ ለመደፋት ጎንበስ አለ። ካህናቱ አራሷን ሊገፉ ክንዷን ያዙ። አንባቢው ጠ ላይ ሲደርስ ምላሱን ከላንቃው ጋር አጣብቆ ያዘ። በልጅነቱ የተገረፈባትን ያቺን ጠ፣ የዓመታቱን አርጩሜ ሁሉ ጨምሮ አጠበቃት። ከዚያ ለቀቃት።

«...ይጠጣል!»

የተደፋው ተደፍቶ፣ ያልተደፋው እንዳጎነበሰ ቀረ።

«ምን አለ?» አለ አንድ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ።

«ይጠጣል አለ» አለችው ሚስቱ።

«ድሮስ ይጠጣል አይደል እንዴ የሚለው?»

«አይ አንተ! ይጠጣል ሳይሆን፣ ይጠጣል!»

«እኮ! እኔስ ምን አልኩ?»

የውሃው አባት እጁን አነሣ። «ምላሱ በጥም ደርቃ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ድገም! አላላው!»

አንባቢው ደገመ፤ ከፊተኛው ይልቅ አጠበቀው። ቀጥሎም በድንጋዩ ድምፅ ሳይሆን በራሱ ድምፅ ሕዝቡን ጠየቀ። «መንገድ ዳር ያለው የፍሬው ድንጋይ ምን ይላል?»

ይህንንማ ማን ያጣዋል? ሕዝቡ ባንድ አፍ «ይህ ፍሬ ይበላል!» አለ። ማንም በን አላላላትም።

«ፍሬው ነው የሚበላችሁ፣ እናንተ ናችሁ የምትበሉት?»

ከሕዝቡ መካከል የሆነ ሰው ሳቀ። ሌላውም ተከተለ። ሳቁ ግን ሳያድግ ተቆረጠ፤ እያንዳንዱ ሰው ዓይኑን ከአንባቢው ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ እጁ ላይ ወዳለው ቅል አዞረ። ብዙዎቹ እዚያ ሐይቅ ውስጥ እናት ወይም ወንድም ነበራቸው።

«ግፉት!» አለ የውሃው አባት። «እሱንም ግፉት!»

አንባቢው ገፊ አልጠበቀም። ከከፍታው ወረደ፤ ከአንዲት ሴት እጅ ቅል ተቀብሎ ወደ ሐይቁ ገባ። እስከ ጉልበቱ ቆመ። ቅሉን ነከረ፣ ቀዳ፣ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጎ አነሣ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ውሃው በጢሙ ላይ እየወረደ ጠጣ።

ሕዝቡ እንዲወድቅ ጠበቀ። ካህናቱም እንዲወድቅ ጸለዩ። አንባቢው ቆሞ ጠበቀ፤ በመጨረሻ አገሳ።

«ወይ ጉድ!» አለች እማዋይሽ፤ ሕፃኑን እንደታቀፈች ውሃውን እየረገጠች መጣች። «ታላቅህ ቆሜ አንተ ትቀድማለህ? አምጣ ወዲህ!» ቅሉን ነጠቀችው። ለራሷ ግን አልጠጣችም፤ ቀድታ ወደ አራሷ ዞረች። የአራሷን ክንድ የያዙት ካህናት እጃቸውን ለቀዋል፤ መቼ እንደለቀቁ ራሳቸውም አያውቁም። አራሷ ጠጣች። አሁንም ጠጣች። ልጇን ተቀበለችና ወርዳ ውሃው ውስጥ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡን የሚያቆመው አልነበረም። ሽማግሌ በልጁ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ሴቶች ልብሳቸውን ሳይሰበስቡ፣ እያለቀሱና እየተሳሳቁ ገቡ። በቅል የጠጣ አለ፤ በእፍኝ የጠጣ አለ፤ ተደፍቶ እንደ ከብት የጠጣም አለ። ለዘመናት በፍርሃት በግንባራቸው የተደፉበት ዳር ላይ በከንፈራቸው ተደፉ። ያ ጆሮው የከበደው ሽማግሌ አፉ ሙሉ ሆኖ «አሁን ገና ገባኝ፤ ይጠጣል!» ብሎ ሚስቱን አበሰራት።

ትልቋ ጨረቃ ወጣች። ሐይቁም ከፍ አለ፤ ዳሩን ላሰ። በዚያ ቀን አንድም ሰው ጠብታ አልደፋበትም ነበር።

ይህን ሲያዩ ነው ቁጣው የመጣው። ጎልማሶቹ ቋጥኝ አንሥተው ወደ ድንጋዩ ሮጡ። «የገደለን እሱ ነው! እናድቅቀው!» አሉ። አንባቢው እየተንጠባጠበ መጥቶ ድንጋዩን በጀርባው ከለለው።

«ይህ ድንጋይ ዋሽቶ አያውቅም» አላቸው። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠጡ እያለን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ቆሜ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያስዋሹኝም እነዚያ ናቸው። የጥንቶቹ ሰዎች ሞት ይሁን ሕይወት ሳያውቁ ቀምሰው የጻፉላችሁን አታፍርሱ። ንባቡን አፍርሱ።»

ጎልማሶቹ ቋጥኙን አልወረወሩም። ይዘውት ሄዱና የቅጥሩን ግንብ አፈረሱበት። እስከ ማታ ድረስ አንድ ጎን ሙሉ ወደቀ፤ የሐይቁም ነፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገደሉ አገር ነፈሰ።

የውሃው አባት ገንቦውን ታቅፎ ሊቀዳ ወደ ዳሩ ቢመጣ፣ ከመንጋው መካከል እማዋይሽ አየችው። የገደለው የለም፣ የመታውም የለም። «አባታችን» አለችው በታላቅ አክብሮት፤ «ተራዎን ይጠብቁ።» ይጠብቁ ስትል ቃሏን እንዴት እንዳጠበቀችው ያ አገር ዛሬም ይስቅበታል።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሕዝብ ነሽ። ከቀደሙሽ የተረከብሽው ነገር እንደዚያ ድንጋይ ነው። ያስተማሩሽ ሰዎች አተረጓጎም ደግሞ እንደዚያ ንባብ ነው። ድንጋዩን ከአነባበቡ ጋር አንድ አድርገሽ ስላየሽው ነው ልጣለው ወይ ያልሽኝ። ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ በአንባቢው ተናደው ድንጋዩን ሰበሩ፤ ዛሬ በየሄዱበት ተጠምተው ይኖራሉ፤ ጥማቸውንም ዕውቀት ይሉታል። ተደፍተው የቀሩትንም አውቃለሁ። ሁለቱም ከውሃው አልቀመሱም።

የተነበበልሽ ቃል፣ ተጠምተሽ ሳለ ቅልሽን ሙሉ ሐይቅ ውስጥ ድፊ ካለሽ፣ ቆም በይ። ጸሐፊው ምን ፈልጎ እንደጻፈው ጠይቂ። ከዚያ ራስሽ አንብቢው፣ ጮክ ብለሽ፣ ሰው እየሰማሽ። ካነበብሽም በኋላ ቀድመሽ ግቢና ቅመሺ። ሌላውን ወደ ውሃው የሚልክ፣ እሱ ግን ዳር ቆሞ የሚያይ አስተማሪ ከገጠመሽ፣ ከንፈሩን ተመልከቺ።

በዚያ አገር ዛሬም በዓሉ አለ፤ ዛሬም አንባቢ ይሾማል። ቅጥር ግን የለም። አዲሱ አንባቢ ድንጋዩ ዘንድ ከመቆሙ በፊት ሕዝቡ ሐይቁ ውስጥ አስገብቶ ቅል ያስይዘዋል። የቀረውን አንቺ አንብቢው፤ ላልቶ የሚነበበው ለሰው ነው፣ ጠብቆ የሚነበበው ለውሃው። አንባቢው ይጠጣል። ውሃውም ይጠጣል።